«ኮታ» ያለው ካሴት

የልጄ ልጅ ማታ ማታ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና ዜና ታሰማኛለች። ዜናው ግን ወዲያው አይመጣም። መጀመሪያ አንድ ወጣት ብቅ ይልና ስለ ፍራሽ ያወራል። «ቆይ እማማ፣ ላሳልፈው» ትላለች፤ በጣቷ ነካ ስታደርገው ሰውዬው ነገሩን ሳይጨርስ ይጠፋል። አንድ ቀን «ይህን ሁሉ ዜና የሚያነቡትን ሰዎች ማነው የሚከፍላቸው? አንቺ እንደሆነ ሳንቲም ስታወጪ አላየሁ» ብዬ ጠየቅኋት። «ፍራሹ ነዋ የሚከፍለው» አለችኝ፤ ለአሮጊት በሚገባ ቋንቋ እንዳስረዳች ሁሉ ደስ ብሏት። ዘንድሮ የመጣ ነገር ይመስላታል። እኔም ደስታዋን አላበላሸሁባትም።

እኔ ግን ዜና በማስታወቂያ ሲታዘል ያየሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንዲት የጋዜጣ ኪዮስክ የተነሳ።

ያን ጊዜ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ ነበርኩ። የሶማሊያው ጦርነት ካለፈ በኋላ ነው። ምደባው ሲወጣ እናቴ «ይቺ ድሬዳዋ ከባሕር ወዲህ ናት ወይስ ወዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። አስተማሪ ሆኜም እርግጠኛ ሆኜ አልመለስኩላትም። እንደመጣሁ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባሏ የሞተባት አንዲት ሙስሊም ሴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሰው ሁሉ እንደ እናት አዴ ይላታል፤ እኔም አዴ አልኳት። አዴ ቀፊራ ውስጥ ሳሙና ትሸጣለች። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እንደ ጋሪ ተሳፋሪ ተጠጋግተው ከአፏ ይወጣሉ፤ የትኛው የት እንደሚወርድ እሷም አታውቅም።

የመጀመሪያው ሰሞን «አዴ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» አልኳት። ዞር ብላ ከኋላዋ አየች።

«ለማን?» አለችኝ።

«ለእርስዎ።»

«እርስዎ ማነው አቦ? እዚህ ያለነው እኔና አንቺ ነን። እርስዎ እያለ የሚያወራ ሰው እኔ ቤት ከመጣ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ከመንግሥት የተላከ ነው። ውኃውን አምጪው።»

እንዲህ ሆኖ አዴን አንቺ ማለት ተማርኩ፤ እያፈርኩ፣ ቀስ እያልኩ። እሷ ደግሞ የእኔን ጾም ከእኔ በላይ ትጠብቅ ነበር። ጠዋት ሻይ ስናፈላ «ቲቸር፣ ዛሬ ሮብ ነው፣ ያን ወተት ከፊትሽ አንሺ» ትለኛለች። እኔም በረመዳን ቀን ውኃ ስጠጣ በሬን እዘጋለሁ። ተነጋግረን የተስማማንበት ነገር አይደለም፤ ዝም ብሎ እንዲያ ሆነ።

የአዴ ታናሽ ወንድም ጋዜጣ ሻጭ ነበር። ስለ እሱ ስጽፍ እስካሁን «እሳቸው» ማለት ይቃጣኛል፤ ግን ሲስቅብኝ ስለሚታየኝ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ። ኪዮስኩ ከለገሃር ወደ ከዚራ በሚያስገባው ጥላማ መንገድ ላይ ነበረች። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በባቡር ነው የሚመጣው። ባቡሩ ሲዘገይ ዜናውም ይዘገያል። ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሳንቲም ይከፍልና ኪዮስኳ ፊት ካሉት አግዳሚዎች ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ ሲጨርስ አጥፎ ይመልሳል። ማንበብ የማይችለውም ይቀመጣል፤ ለእሱ ባለኪዮስኩ ራሱ እያነበበ በኦሮምኛ ወይ በሶማሊኛ ያስረዳዋል። እንጀራው የሚወጣው ከተሸጠው ጋዜጣ ሳይሆን ከዚያች አግዳሚ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ቴፕ መጣ። ከጅቡቲ በኩል በባቡሩም፣ በግመሉም፣ በሰው ቀሚስ ሥርም እየገባ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሬዲዮና ካሴት ባንድ ላይ የያዘው ዕቃ ያልገባበት ቤት ጠፋ። ሰዉ ዜናውን ማታ ቤቱ ሆኖ በሬዲዮ ይሰማል። ጠዋት በኪዮስኳ በኩል ሲያልፍ ባለኪዮስኩ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል።

«ሰማሁት እኮ» ይላል ሰውዬው፣ ሳይቆም።

ባለኪዮስኩ ያቺን «ሰማሁት» የምትባል ቃል የሚጠላትን ያህል ምንም አይጠላም ነበር። «ሬዲዮ እኮ ነገ ጠዋት የሚጽፉትን ዛሬ ማታ ይነግርሻል። ምን ብዬ ነው ከሱ ጋር የምሮጠው?» ይለኛል። ኪዮስኳ ደግሞ የቀበሌ ናት፤ በየወሩ ይከፈልባታል። የጫማ ጠጋኞች ማኅበር ቦታዋን ፈልጎ ማመልከቻ አስገብቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርቶት «አግዳሚው ባዶ ሆኖ ከቀጠለ ለሚሠራበት እንሰጠዋለን» ብሎታል። ሌላ ሙያ የለውም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ወረቀት ሲያነብና ሲያስነብብ የኖረ ሰው ነው፤ ኪዮስኳ ከሄደች የሚቀረው ቀፊራ ገብቶ የእህቱን ሳሙና ካርቶን መሸከም ነበር። አዴ ይህን እያሰበች «ወገቡ አይችልም፣ ምላሱ እንጂ» ትል ነበር።

መላው የመጣው እንዲህ ነው። እኔ ማታ ማታ ለአዴ ጋዜጣ አነብላታለሁ። ለእሷ ብቻም አልነበረም፤ ከአገሬ ርቄ የራሴን አማርኛ የምሰማው በዚያን ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለራሴም ነበር። አንድ ማታ ወንድሟ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየ።

«ይሄን የፍርድ ቤቱን ወሬ ሬዲዮ አላወራውም» አለ።

«ሬዲዮ ሁሉን አያነብም» አልኩት። «የአንባቢ ደብዳቤ፣ የጤና ምክር፣ የፍርድ ቤት ነገር፣ ይሄ ሁሉ ጋዜጣው ላይ ብቻ ነው ያለው።»

«ደግሞ ሬዲዮ አንዴ ተናግሮ ዝም ነው። ያመለጠው አመለጠው። ካሴት ቢሆን ግን…»

አዴ ሳቀችበት። «ሰውዬው ጋዜጣውን ሊያስዘፍነው ነው!»

ሐሳቡ ግን ቀላል ነበር። ሳምንት ሙሉ ከመጣው ጋዜጣ ሬዲዮ የማይነካውን መርጬ በካሴት እቀዳለሁ፤ እሱ ካሴቱን ይሸጣል። በፋብሪካ ፈረቃ ያለው፣ በባቡር የሚውለው፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ በሚመቸው ሰዓት ይሰማል። እኔ ግን ወዲያው እሺ አላልኩም። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ወንዱ ለበርጫ ይቀመጣል፤ ጫቱ ፊቱ፣ ቴፑ አጠገቡ። ድምፄ እዚያ መሃል ገብቶ ሲያወራ ታየኝ። ያላገባሁ ሴት ነኝ። በዚያ ላይ ዘመኑ አፍን የሚያስጠብቅ ዘመን ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«የምታነቢው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ጋዜጣ ነው አባቴ፤ እንዳለ፣ ቃል ሳልጨምር።»

«ውሸት አለበት?»

ግራና ቀኝ አየሁ። «አባቴ፣ ጋዜጣ ነው» አልኳቸው መልሼ።

እሳቸውም ግራና ቀኝ አዩ። «አንቺ አልጻፍሽውም አይደል? እንግዲያስ አንብቢ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በክፍሌ ውስጥ እንቀዳለን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን፤ የድሬ ሙቀት ላይ ብርድ ልብስ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱ ቁልፉን ይጫናል፣ እኔ አነባለሁ፣ አዴ ዶሮዎቿን ታባርራለች። የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች ውስጥ ከእኔ ይልቅ ዶሮዋ ጎልታ ትሰማለች። አንዴ በረመዳን ሰሞን አዛኑ አብሮ ተቀድቶብን ኖሮ፣ ያ ካሴት ሽንሌ ደርሶ ከቀትር በኋላ ሲከፈት እንቅልፍ ይዞት የነበረ አንድ ባለሱቅ ደንግጦ ነቅቶ ማፍጠሪያው ደረሰ ብሎ ተምር አነሳ አሉ። አጠገቡ የነበሩት እጁን ይዘው አዳኑት። ከዚያ ወዲህ አዛን ሲጀምር ቁልፉን እንዘጋና ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን።

ካሴቱ ተወደደ። ግን ሌላ ነገር መጣ። እሱ የሚሸጠው ጥቂት ካሴት ነው፤ እኔ ግን የትም ብሄድ ድምፄን እሰማለሁ። ዳቦ ቤት እገባለሁ፣ እዚያ አለሁ። በደቻቱ በኩል ሳልፍ ከአንድ ግቢ ውስጥ የሳንባ በሽታ መከላከያ ስመክር ራሴን እሰማለሁ። ለካ ሰዉ አንድ ካሴት ገዝቶ በሁለት ቴፕ ይገለብጠዋል፤ ያ ለጎረቤቱ ያውሳል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ይገለብጠዋል።

ባለኪዮስኩ ተናደደ። «ጋዜጣ ሳለ አንብበው ይመልሱልኝ ነበር። አሁን ሰምተው አይመልሱም፣ ያራቡታል!»

ይህን ሲል የሰማው አንድ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነው። ይህ ሰው ከድሬዳዋ እስከ ድንበሩ ድረስ ባሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ካሴታችንን የሚያደርስልን ደንበኛችን ነበር፤ ሆዱ የሰፋ፣ ነገር የማይከብደው የድሬ ልጅ። ኪዮስኳ ተደግፎ ሲስቅ ቆየና እንዲህ አለው።

«ዋርያ፣ አንተ የምትለው ይሄ ካሴት በነጻ አገር ለአገር ይዞራል ነው?»

«አዎ።»

«ማንም ሳይከፍልህ አዲጋላ ጣቢያ ይደርሳል?»

«ይደርሳል አልኩህ እኮ!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ፉርጎ በነጻ የሚሄድልህ ከሆነ ጫንበታ። ባዶ ፉርጎ ሲሄድ አይቶ ዝም የሚል ነጋዴ ያየሁት አንተን ብቻ ነው።»

ባለኪዮስኩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔም የገባኝ ከእሱ ጋር እኩል ነው። ካሴቱን የሚሰማው አይከፍልም፤ የሚከፍለው በካሴቱ ውስጥ እንዲነገርለት የሚፈልገው ነው። በተገለበጠ ቁጥር እኛ አንከስርም፤ ማስታወቂያው ይርቃል እንጂ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ያላየሁትን ዕቃ አላነብም አልኩ። ልብስ ሰፊው ማስታወቂያ ሲያመጣ ቀሚስ አሰፋሁበት። ሻይ ቤቱ ሲመጣ ሻዩን ጠጣሁ። «ከድሬዳዋ አንደኛ» በይልን ሲሉኝ «ሌላውን ሁሉ አልቀመስኩም» እልና «ደህና ሻይ ነው» ብዬ አነባለሁ። ባለሻይ ቤቱ መጀመሪያ ተቆጣ። በኋላ ግን «ቲቸር ደህና ነው ካለች ደህና ነው» እያለ ሰዉ ሲመጣለት ዝም አለ። በዚህ መሃል አግዳሚዎቹ እንደገና ሰው ተቀመጠባቸው፤ ጋዜጣ የሚያነብ ሳይሆን ማስታወቂያ ሊያስነግር ተራ የሚጠብቅ። የኪዮስኳ ኪራይ ተከፈለ።

አዴ ይህን ስታይ «እኔ ለምን እቀራለሁ?» አለች። አዲስ ሳሙና አስመጥታ ነበር፤ እዚሁ ከተማ የተሠራ፣ በደረሰኝ የተገዛ። ልብሴን አጠብኩበት፤ ጥሩ ነው። «እንዴት ብዬ ላንብብልሽ?» አልኳት።

«እንደ ሬዲዮ። ክብር ያለው ይሁን። የቀፊራ ሴት ሁሉ ትቅና።»

እንደ ሬዲዮ አደረግሁት። ድምፄን ዝቅ፣ ቃሉን ረጋ አድርጌ «በቀፊራ ገበያ የሚገኘው ሱቅ የልብስ ሳሙና መግባቱን ለኅብረተሰቡ ያስታውቃል» ብዬ አነበብኩ። አዴ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች ክብሩ ራስዋ ላይ ወጣ መሰለኝ፤ ልክ ስጨርስ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብላ በገበያ ድምጿ «ኮታ! ኮታ!» ብላ ጮኸች። በኦሮምኛ ኑ፣ ኑ ማለት ነው። ቀፊራ ሲጠሩ የሚውሉት በዚሁ ቃል ነው። ወንድሟ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እሱ ቁልፉን ዘጋ፤ እንደዚያው ተወነው።

አሁን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በኦሮምኛው «ታ» ጠብቃ ነው የምትነገረው። በአማርኛችን ስትላላ ግን ኮታ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ስኳርም ዘይትም ሳሙናም በቀበሌ ሱቅ፣ በካርድ፣ በኮታ የሚታደልበት ጊዜ ነበር። ካሴት ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ሲገለበጥ ድምፁ ይለሰልሳል፤ የጠበቀው ይላላል። በዚያ ላይ «ያስታውቃል»፣ «ለኅብረተሰቡ»፣ «መግባቱን» የሚሉትን ቃላት በድሬዳዋ ከመንግሥት በቀር ማንም ሲናገራቸው አይሰማም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል አዴ ከገበያ እየሮጠች ተመለሰች። አዴ ስትሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ ሰልፍ!»

«የምን ሰልፍ?»

«ሱቄ በር ላይ! ካርድ ይዘው! ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ፣ ከባቡሩ፣ ከየት ከየት የመጡ። ‹ኮታችንን ስጪን› ይሉኛል። ግዙኝ ስላቸው ‹በቀበሌ ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ በካሴት ተነግሯል› አሉኝ። አንዷ ‹መንግሥት የላከውን ደብቀሽ ነው› አለችኝ፣ እኔን!»

አብረን ሄድን። እውነትም ሰልፉ የቅመማ ቅመሙን ተራ አልፎ ሄዷል። ሁሉም ካርዱን ይዟል፤ አንዳንዱ ዘንቢልም። ነገሩን ላስረዳ ብዬ «እባካችሁ፣ ስህተት ተፈጥሯል» ብዬ ስጀምር ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው «ይቺ ናት! ድምጿ ነው! ከመንግሥት ናት!» አለ፤ ሰልፉም ይበልጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከሰዓት በፊት የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ አዴንና ሳሙናዋን ወሰደ። ከዚያ ወደ ከዚራ ሄደው ኪዮስኳን አሸጓት፤ በሯ ላይ ወረቀት ለጥፈው ማኅተም መቱበት። ባለኪዮስኩ ከበሩ ፊት ቆሞ ወረቀቱን ደጋግሞ ሲያነብ አገኘሁት። እሱ እንኳን ወረቀት ሳያነብ አያልፍም።

«የመንግሥት ኮታ በግል ሱቅ በማደል ይላል» አለኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ይሄ አሻጥር ነው የሚባለው።»

እውነቱን ነበር። በዚያን ጊዜ ያቺ ቃል የተለጠፈችበት ነጋዴ ወደ ሱቁ አይመለስም ነበር። በመንገድ ላይ በልቤ እመቤቴን እየለመንኩ ተከትዬው ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀመንበሩ ከደጋ አገር የመጣ፣ ፊቱ የተቆጣ ግን ነገር ሳይሰማ የማይፈርድ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቴፕ፣ ቴፑ ውስጥ ከሰልፉ የተቀማ ካሴት አለ። አዴ ከአጠገቡ ተቀምጣለች፤ ሳሙናዋ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። በሩ ላይ አንድ የጥበቃ ሰው ቆሟል።

ቁልፉን ተጫነው። ድምፄ ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ። «…ለኅብረተሰቡ ያስታውቃል።» ቀጥሎ አዴ፤ «ኮታ! ኮታ!»

«ይኸው!» አለ። «ጓዲት፣ ኮታ ማደል የማን ሥራ ነው?»

«የቀበሌ ነው» አለች አዴ።

«ታዲያ አንቺ ምን ብለሽ ኮታ አልሽ?»

«ኑ ብዬ ነዋ!»

«ኮታ ነው ያልሽው።»

«ኑ ነው ያልኩት! ኮታ! ኮታ ማለት ኑ ማለት ነው አቦ። ሰውን ኑ ማለት ክልክል ነው እንዴ?»

ሊቀመንበሩ ጥርጣሬ ገባው። ወደ እኔ ዞረ። እኔም በአስተማሪነቴ ማጥበቅና ማላላትን ማስረዳት ጀመርኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ‹ታ› ስትጠብቅ…» ስል ግንባሩ ሲጨማደድ አየሁና ተውኩት። ባለኪዮስኩ ከኪሱ ሌላ ካሴት አወጣ።

«ይሄ ዋናው ነው፤ ያልተገለበጠው። ስማው።»

ዋናው ሲገባ የአዴ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ጠብቆ፣ ጥርት ብሎ። በሩ ላይ ያለው የጥበቃ ሰው ሳያስበው ከቦታው ተነስቶ አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

«የት ትሄዳለህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ጠራችኝ መስሎኝ» አለ ሰውዬው፤ ኦሮሞ ነው፣ ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ።

ሊቀመንበሩ መሳቅ አልፈለገም፤ ጺሙን ሲያሻሽ ግን አፉ አልታዘዘውም። የሳሙናውን ደረሰኝ አየ፤ ልክ ነው። ትንሽ አሰበና ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሳሙናሽን ውሰጂ። ግን ሱቅ አያስታውቅም፤ ገባችሁ? የሚያስታውቀው መንግሥት ነው።»

«ታዲያ ሱቅ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

አዴ ቀደመችው። «ሱቅ ይጣራል!»

«ይጣራ» አለ። «በራሷ አፍ ትጣራ፣ በገበያ ቋንቋ። አንቺ አስተማሪዋ ደግሞ ዜናሽን ብቻ አንብቢ፤ ሳሙና አትንኪ። ያቺን ቃል ደግሞ እንዳልሰማት።»

«በኦሮምኛ ኑ ለማለት ምን ልበል ታዲያ?» አለች አዴ።

«በሶማሊኛ በይው» አላት።

ባለኪዮስኩ «ኪዮስኳስ?» አለ።

ሊቀመንበሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ካሴቱን በእጁ ይዞ ገለበጠው። «ይሄ ነገር የት ድረስ ይሄዳል አልክ?»

«ድንበር ድረስ።»

«ስብሰባ ስንጠራ ሰው አይመጣም» አለ፤ ለራሱ የሚያወራ መስሎ። «የጽዳት ዘመቻ ብለን ለፈፍን፣ ማንም አልወጣም። በዚህ ካሴት ግን ሰው ሳይጠሩት ካርድ ይዞ ተሰለፈ።» ከዚያ ወደ እኛ አየ። «ማኅተሙ ይነሳል። በየካሴቱ መጀመሪያ ላይ የቀበሌው መልእክት ይቀድማል። በነጻ።»

ባለኪዮስኩ «እሺ» አለ፤ ምን ያህል እንደሚረዝም ሳይጠይቅ።

ቅዳሜ እንደተለመደው ብርድ ልብሱን ሰቀልን። የቀበሌው መልእክት ተጽፎ መጥቶ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች የሞሉ ወረቀቶች፤ ስብሰባ፣ የደቻቱ ጽዳት፣ መዋጮ፣ ንቃት። ከካሴቱ የምንቀዳበት አንዱ ገጽ ብቻ ነው፤ መልእክቱን አንብቤ ስጨርስ እሱም ወገቡ ላይ ደርሷል። አዴ ተቀበለችኝና በሳሙናዋ ጀመረች። የልብስ ሰፊውንም፣ የሻይ ቤቱንም እሷ ትጣራቸው ተብሏል። በሦስት ቋንቋ እየሳቀች፣ እየተሳደበች፣ ኑን በሶማሊኛ «ካላይ! ካላይ!» እያለች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀፊራን አመጣችው። እኔ እንኳን ያጠብኩበትን ሳሙና እንደገና ልገዛው አማረኝ። ትኬት ቆራጩ በኋላ እንደነገረን በየጣቢያው ሰዉ ካሴቱን እያስሮጠ የሚፈልገው እሷን ነበር፤ «የአዴን ቦታ አምጡልን» ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ።

ያን ቅዳሜ ግን ይህን ገና አላወቅንም። አዴ ስትጨርስ የቀረውን ቴፕ በመስታወቱ በኩል አየነው። ጥቂት ነው። ጋዜጣው ደግሞ ጉልበቴ ላይ ነው፤ የመረጥኩት ሁሉ በእርሳስ ተከቧል።

«የቀበሌውን እንቁረጥ?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

«አብደሻል?»

«የአዴን?»

አዴ ከአልጋው ጫፍ ሆና አየችኝ። እሱ አላያትም። «ኪራዩን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ።

«ዜናውን ልቁረጥ ታዲያ? ከመንግሥት ጋዜጣ የትኛውን ነው የምቆርጠው? ቆረጠች ቢባልስ?»

ጋዜጣውን ከጉልበቴ ላይ አንስቶ እንደ ልማዱ ገጹን እያሻሸ አቃናው፤ መልሶ ሰጠኝ። ኪዮስኳ ሰኞ ትከፈታለች። እሱም ሰኞ ከፊቷ ይቆማል፤ ካርቶን አይሸከምም።

«ምንም አትቁረጪ» አለኝ። «ትንሽ ፈጠን ብለሽ አንብቢው።»

ቁልፉን ተጫነ። ፈጠን ብዬ አነበብኩት።